ከአዳራሽ ፍለጋ እስከ ወንበር ቆጠራ፦ የአንድ ቀን የአኒሜ ኮን የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

ዛሬ ስድስት ኪሎ አንድ ካፌ ውስጥ ሰባት ሆነን ተቀመጥን። በቴሌግራም ግሩፓችን ሁለት ዓመት ሙሉ «አንድ ቀን በአካል እንገናኝ» ስንባባል ከርመናል። አሁን ወስነናል። የአንድ ቀን የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን ፊልም) ወዳጆች ኮንቬንሽን፣ ባጭሩ «ኮን»፣ አዲስ አበባ ውስጥ እናዘጋጃለን። ኮስፕሌይ (የሚወዱትን ገጸ ባሕርይ መስሎ መልበስ) ይኖራል፣ የሥዕል ጠረጴዛዎች ይኖራሉ፣ ውይይትና የጥያቄ ውድድር ይኖራል።

ማስታወሻ ያዢዋ እኔ ነኝ። ነገ ሐዋሳም ይሁን ባሕር ዳር ይህንኑ ሊሞክር የሚነሳ ልጅ ቢኖር መነሻ ይሁነው ብዬ ሁሉንም እንዳለ እጽፋለሁ። ያማረውንም፣ ያላማረውንም።

ገንዘብ የለንም። ስፖንሰር ፍለጋ ከመሮጣችን በፊት ከኪሳችን እናዋጣ ተባባልን። እንደ እቁብ ነው፤ ለአምስት ወር በየወሩ እያንዳንዳችን 1,500 ብር። ልዩነቱ ዕጣ የለውም፤ እቁቡ የሚደርሰው ለኮኑ ነው።

የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። ዋሽንግተን በሚካሄደው ኦታኮን በተባለው የአኒሜ ኮን ላይ በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ሠርቷል። ኦታኮን እ.ኤ.አ. በ1994 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ስቴት ኮሌጅ በምትባል ከተማ በትንሹ የተጀመረ ነው። ለብዙ ዓመት ባልቲሞር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ዋሽንግተን ገባ። እንዲህ ካደገ በኋላም የሚያዘጋጁት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ምክር ብጠይቀው የድምፅ መልእክት ላከልኝ። «አንቺ ልጅ፣ ስለ መድረኩ አትጨነቂ። ስለ ሰልፉ፣ ስለ ውኃውና ስለ ሽንት ቤቱ ተጨነቂ።» ጻፍኩት። እውነቱን ለመናገር ግን እስካሁን በዓይኔ የሚዞረው መድረኩ ነው።

ጥር 3፣ ቅዳሜ

ቀን መምረጥ ይህን ያህል ያከራክራል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

መጀመሪያ መጋቢት 20 አልን። ቅዳሜ ነው፣ ዝናብ የለም፣ ጥሩ ነው። ከዚያ አንዷ ልጅ የቀን መቁጠሪያውን አወጣች። ዓቢይ ጾም የካቲት 17 ይገባል። ረመዳንም ዘንድሮ ከዚያው ጋር ተገጣጥሟል፤ መጋቢት 20 ማለት የዒድ ደጃፍ ነው። ግሩፓችን ውስጥ ሁለቱም ወገን አለ። ግማሹ ሰው ምግብ ሳይቀምስ የሚውልበትን ቀን ለመደሰቻ መምረጥ ልክ አልመሰለንም። ሰኔ ደግሞ ፈተና ነው። ከዚያ ወዲያ ክረምት ይገባል።

ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነው። ስለዚህ ግንቦት 2 ቅዳሜ። ጾምም ፈተናም የለም። ዝናቡን እግዜር ያውቃል።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

እስከ ዛሬ አራት አዳራሽ አይተናል። የመጀመሪያው በጣም ያምራል፤ ሽንት ቤቱ ግን ውኃ የለውም። «በዕለቱ በበርሜል እናስሞላለን» አሉን። የአክስቴ ልጅ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ፤ ተውነው። ሁለተኛው ዋጋው አይቀመስም። ሦስተኛው ጥሩ ነበር፤ ግን ሠርግ ከመጣ ቅድሚያው ለሠርግ ነው ተባልን።

አራተኛውን ያዝን። 45,000 ብር፣ ግማሹ ቀብድ። ትልልቅ መስኮቶች አሉት፤ ፊት ለፊቱ ሰፊ ግቢ አለው። ሽንት ቤቱን ራሴ ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ግን አስደነገጠን። የኋላው በር በጓጉንቸር ተቆልፏል። ለምን ብለን ስንጠይቅ «ዕቃ ይጠፋል» ተባልን። ሦስት መቶ ሰው ያለበት ክፍል፣ አንድ መውጫ ብቻ! እሳት ቢነሳ፣ ወይም አንድ ሰው ብቻ «እሳት!» ብሎ ቢጮህ ምን ይሆናል? በሩ በዕለቱ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት እንዲሆን ውል ውስጥ አስገባን። ጥበቃውን የምናቆመው እኛ ነን። እዚህ ላይ ዋጋ ቢጨምሩብንም እሺ እንል ነበር።

ሌላም የተማርነው አለ። «300 ሰው ይይዛል» ማለት ሦስት መቶ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ ማለት ነው። እኛ ጋ የሚመጣው ሰው ክንፍ ይኖረዋል። መሬት የሚጎተት ካባ ይኖረዋል። ሁለት ሜትር የካርቶን መጥረቢያ ይዞ ይዞራል። ጠረጴዛዎቹም ቦታ ይበላሉ። ቆመን በእርምጃ ስንለካው በአንድ ጊዜ ከ210 ሰው በላይ አናስገባም ብለን ቆረጥን። ቀኑን ሙሉ ሰው ስለሚገባና ስለሚወጣ ትኬቱ ከዚያ በላይ ሊሸጥ ይችላል።

ማታ ስለ ኮሚኬት ሳነብ ቆየሁ። ቶኪዮ ውስጥ ራሳቸው ያሳተሙትን ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) የሚሸጡ ሰዎች ገበያ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1975 ሲጀመር 32 ቡድኖችና 700 ገደማ ሰው ነበሩ። አሁን በመቶ ሺዎች ይመጣሉ። ልቤን የነካው ግን ቁጥሩ አይደለም። እዚያ «ደንበኛ» የሚባል የለም። የሚሸጠውም፣ የሚገዛውም፣ በር ላይ የሚቆመውም እኩል «ተሳታፊ» ነው የሚባለው። ቃሉን ለግሩፑ ላክሁት። ከዛሬ ጀምሮ እኛም «እንግዳ» ማለት ትተናል።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

የፈቃድ ደብዳቤ አስገባን። ኮስፕሌይ ምን እንደሆነ በአማርኛ ማስረዳት ነበረብን። «የሚወዱትን የሥዕል ታሪክ ገጸ ባሕርይ መስለው ለብሰው የሚመጡ ወጣቶች» ብለን ጻፍን። ደብዳቤውን የተቀበሉን ሰውዬ አነበቡት። ከዚያ ቀና ብለው «ጎራዴ ይዘው ነው እንዴ?» አሉ። ስልኬ ላይ ፎቶ አይተው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም መልስ አልነበረንም።

እዚያው ደረጃ ላይ ተቀምጠን ደንቡን ጻፍነው። ብረት የለም። ስለቱ እንጨት የሆነም አይገባም። ካርቶን፣ ስፖንጅና ቀላል ፕላስቲክ ይፈቀዳል። የአሻንጉሊት ሽጉጥ፣ ምንም ዓይነት ቢሆን፣ አይገባም፤ መንገድ ላይ ያየ ሰው አሻንጉሊት መሆኑን አያውቅም። ማንኛውም ዕቃ ከቤት ተጠቅልሎ ይመጣል፣ ተጠቅልሎ ይሄዳል። በር ላይ ታይቶ ቢጫ ስኮች ይታሰርበታል። ቢጫ ስኮች የሌለው ጎራዴ አዳራሽ ውስጥ ከታየ ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ይሄዳል። ውጭ አገር ያሉ ኮኖችም እንዲህ ነው የሚያደርጉት።

ከፍተኛ ክርክር የተነሳው ግን አኒሜ እናሳይ አናሳይ በሚለው ነው። ፕሮጀክተር አለን። አብዛኛው ልጅ ማየት ይፈልጋል። እኔ ተቃወምኩ። አሜሪካ ያሉ ኮኖች ለአደባባይ ማሳያ ከአከፋፋዮቹ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ቤት ቁጭ ብሎ ማየትና ትኬት አስቆርጦ ለሕዝብ ማሳየት የተለያየ ነገር ነው። ሥዕሎቹን ፍሬም በፍሬም የሠሩትን ሰዎች እወዳቸዋለሁ ብዬ፣ ሥራቸውን ሳልጠይቅ ልሸጥ አልችልም። አራት ለሦስት በሆነ ድምፅ አለፈልኝ። በምትኩ ፕሮጀክተሩ ላይ የራሳችን ሠዓሊዎች በቀጥታ ሲስሉ እናሳያለን።

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ትኬት ሽያጭ ተከፈተ። 300 ብር በቴሌብር። ሰው ከፍሎ ስክሪንሾት ይልክልናል፣ እኛ ስሙን እንመዘግባለን። እስከ ትናንት 140 ተሸጧል።

ዛሬ ሒሳቡን ሳይ አልመጣ አለኝ። 140 ስም አለ፤ አካውንቱ ውስጥ ያለው ግን የ131 ሰው ብር ነው። ስክሪንሾቶቹን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ለካ አንድ ስክሪንሾት ለሦስትና ለአራት ሰው ተልኳል። አንዳንዱ ላይ ስሙ ተቀይሯል። የግብይት ቁጥሩ ግን ያው ነው።

ከእንግዲህ የምንመዘግበው የግብይት ቁጥሩን ነው። ቁጥሩ ኤክሴል ላይ ሁለት ጊዜ ከመጣ ቀይ ይሆናል። አካውንታችን ውስጥ ካልታየ ትኬት የለም። ዘጠኙን ልጆች ለየብቻ፣ በውስጥ መስመር፣ በቀስታ ጠየቅናቸው። ስምንቱ ይቅርታ ጠይቀው ከፈሉ። አንደኛው ገንዘብ እንደሌለው ነገረኝ። ጠዋት ወንበር በመደርደር ያግዘናል፣ በነፃ ይገባል። እንዲህ የሚሆኑ ሌሎች ልጆችም እንዳሉ ስለገባኝ አሥር ቦታ ለሥራ ልውውጥ ያዝን። ይህን ከመጀመሪያው ብናደርገው ኖሮ ልጁ ማጭበርበር ባላስፈለገው ነበር።

ሌላ ጣጣ ደግሞ የሰዓቱ ነው። ፖስተሩ ላይ «3፡00 ይከፈታል» ብለናል። ጠረጴዛ የተከራየች አንዲት ልጅ ስልኳን በፈረንጅ ሰዓት ስለምትጠቀም ከሰዓት በኋላ መስሏት ነበር። ሌላውም እንደዚያው። ፖስተሩን ቀየርነው፦ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ስልክዎ ላይ 9፡00»። ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍነው።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ፋሲካ አለፈ። ዛሬ ከአራት ልጆች ጋር መርካቶ ዋልኩ።

ልብስ በኦንላይን ማዘዝ የሚችል ከመካከላችን ጥቂት ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር ከመርካቶና ከሰፈር ልብስ ሰፊ ይወጣል። አንደኛው ልጅ ያንን ቀይ ደመና ያለበትን ጥቁር ካባ ይፈልጋል። ከአንድ ታዋቂ አኒሜ ነው፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። ልብስ ሰፊው ስልኩን ተቀብለው ሥዕሉን አሳድገው፣ አሳንሰው፣ ደግመው አሳድገው አዩት። «ይሄ የቄስ ነው የዳኛ?» አሉ። ልጁ የሥዕል ታሪክ ገጸ ባሕርይ ልብስ መሆኑን አስረዳቸው። አንገቱ ለምን እንዲህ ከፍ እንዳለ ጠየቁ። «ፊቱን ለመደበቅ ነው» አላቸው። «እንግዲያው ካንቫስ ሳይገባበት አይቆምም» አሉና ከመሳቢያቸው ደረቅ ጨርቅ አወጡ። ቀዩን ደመና ነጭ ጠርዝ አድርገው በእጃቸው ቆረጡት። ያለ እስክሪብቶ፣ ያለ መለኪያ፣ በዓይን ብቻ። አሥሩ ደመና አንድ ዓይነት ወጣ። ቆሜ ሳያቸው ይህ ሰው ጠረጴዛ ሊሰጠው ይገባል ብዬ አሰብኩ።

ሁለት ነገር አስተውያለሁ። አንደኛ፣ ልጃገረዶቹ ኮስፕሌያቸውን ለብሰው ታክሲ መሳፈር አይፈልጉም። መንገድ ላይ የሚወረወረውን ቃል ያውቁታል። ስለዚህ መልበሻ ክፍል ቅንጦት አይደለም። ለሴት አንድ፣ ለወንድ አንድ፣ ትልቅ መስታወት፣ መንጠቆ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር። ሁለተኛ፣ ካርቶን ይቀደዳል። ዊግ ይወልቃል። የጥገና ጠረጴዛ ያስፈልገናል፦ መርፌ፣ ክር፣ መርፌ ቁልፍ፣ መቀስ፣ ስኮች፣ ሱፐር ግሉ፣ የፀጉር ሽቦ። ሁሉም ከ2,000 ብር በታች አለቀ።

የድምፅና የመድረክ ኪራዩ 38,000 ብር ነው። ይህን ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጽፌ አየኋቸው።

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

ባነሩ መጣ። «አኒሜ» የሚለው «አኒማ» ተብሎ ታትሟል። ማተሚያ ቤቱ በእኛ ፋይል አሳበበ፣ እኛም በእነሱ። አንዱ ልጅ በነጭ ቀለም አስተካከለው። ሳይታተም በፊት ናሙናውን ከሁለት ሰው በላይ ያንብበው።

ግንቦት 1፣ ዓርብ

ልደታ ነው። ከሰዓት አዳራሹን ተረከብን።

ወንበር የተከራየነው ከሰፈሩ እድር ነው፤ 200 ወንበርና አንድ ድንኳን። የእድሩ ሰብሳቢ ከመጀመሪያው ቁርጡን ነግረውናል። «ልጆቼ፣ ለቅሶ ከመጣ ለቅሶ ይቀድማል።» እሺ ብለን ፈርመናል። ዛሬ 9 ሰዓት ላይ ደወሉ። ሰው አርፏል። 80 ወንበር ለቅሶው ቤት ይሄዳል። የሚሰጡን 120 ነው። ድንኳኑ ግን ይቀርልናል፤ ሌላ አላቸው። ነገ ማታ ደግሞ ሁሉም ወንበር ተቆጥሮ መመለስ አለበት።

ለሟች ቤተሰብ ወንበር መከልከል አይታሰብም። ግን የመቀመጫ ፕላኑ ሁሉ ተናጋ። መድረኩ ፊት ለፊት 150 ወንበር ብለን ነበር። አሁን 70 አደረግነው። የቀረውን ለጠረጴዛዎቹ ከፋፈልነው። መሐሉ ባዶ ሆነ። ባዶው ወለል ሲታይ ቅር ይላል፤ ሁላችንም ደብሮናል።

አመሻሹ ላይ የግቢው ጎረቤቶች ውጭ ወጥተው ንፍሮ ቀቅለው ቡና አፈሉ። ለማንም ነፍገው አያውቁም፣ እኛንም ጠሩን። በጎ ፈቃደኞቹ ዲቫይደርና ሽቦ በእጃቸው እንደያዙ ንፍሮ ተቀበሉ። የነገውን ነገር አስረዳናቸው። ግርግር ይኖራል፣ ይቅርታ አድርጉልን አልን። አንዲት እናት «ልጆች ተሰብስበው መሳቃቸው ነው?» አሉ። «አዎ» አልን። «ታዲያ ምን ይቅርታ አለው!»

ይህንን ቀድመን ማድረግ ነበረብን። ጎረቤት ከዋዜማው በፊት ማወቅ አለበት።

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

ሌሊት 8 ሰዓት ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፤ ነገ ብዬ ብተወው ይጠፋብኛል።

*ጠዋት።* ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ስልሳ ሰው በር ላይ ነበር። የምንከፍተው 3 ሰዓት ነው። ሰልፉ ወደ አስፋልቱ ሊወጣ ሲል ከኮሚኬት የተማርነውን አወጣን። እዚያ የመጨረሻው ተሰላፊ «መጨረሻው እዚህ ነው» የሚል ሰሌዳ ይይዛል። አዲስ ሰው ሲመጣ ከኋላው ይቆምና ሰሌዳውን ይቀበለዋል። እኛም «የሰልፉ መጨረሻ እዚህ ነው» ብለን ካርቶን ላይ ጽፈን፣ እንጨት ሰክተን ለመጨረሻው ልጅ ሰጠነው። ከዚያ በኋላ ሰልፍ የሚቆርጥ አላየሁም። ሰሌዳውን የያዘ ሰው ኃላፊነት ይሰማዋል። ሲቀባበሉ ደግሞ ይተዋወቃሉ። «እንካ፣ አሁን ተራው ያንተ ነው» ሲሉ ሰማኋቸው። አንድ ቁራጭ ካርቶን እንዲህ ይሠራል ብዬ አላሰብኩም።

በር ላይ ጋሼ ነበሩ፣ የአዳራሹ ጥበቃ። ፍተሻውን ከእኛ ልጆች ጋር አብረው ያዙት። ሁለት ሰዓት ሳይሞላቸው ከማንኛችንም በላይ ደንቡን አወቁት። «የኔ ልጅ፣ ይሄ ከእንጨት ነው፣ አይገባም። ይሄኛው ስፖንጅ ነው፣ ግባ። ስኮች እሰሩለት!»

*የሰው ቆጠራ።* አንዱ ጓደኛችን ሁለት ዲጂታል ተስቢህ ይዞ መጣ፤ ጣት ላይ የሚደረገውን የጸሎት መቁጠሪያ። አንዱ ለሚገባ፣ አንዱ ለሚወጣ። ልዩነቱ 210 ሲደርስ በሩ ይቆማል። 5 ሰዓት ላይ ደረሰ። ውጭ የቀሩት ድንኳን ሥር ሆነው ውኃ እየተሰጣቸው ጠበቁ። ከሃያ ደቂቃ በላይ የጠበቀ የለም። በድምሩ 347 ሰው ገብቷል።

*መብራት።* 5፡40 ላይ ጠፋ። ጄኔሬተሩ አለ፣ ናፍጣውም አለ። የጄኔሬተሩ ባለሙያ ግን ቁልፉን ይዞ ምሳ ሄዷል። ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። እኔ ላብ በላብ ሆኜ ወደ መድረኩ ሮጥኩ። የጥያቄ ውድድሩ ተቋርጧል፣ ስፒከሩ ዝም ብሏል። ዞር ብዬ አዳራሹን አየሁ።

ማንም አልተነሳም። አብዛኛው ሰው መብራት መጥፋቱን ያወቀም አይመስልም። መስኮቶቹ ትልልቅ ስለሆኑ ብርሃን አለ። በዚያ ባዶ ወለል ላይ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። አንደኛው ክብ ውስጥ ሦስት ቀይ ደመና የለበሱ ልጆች ካባቸውን እያነጻጸሩ «አንተ የት አሰፋህ?» ይባባላሉ። ሠዓሊዎቹ ጠረጴዛ ላይ ሰው ተደርድሮ ፊቱን በማንጋ ስልት ያስላል። የገለባ ባርኔጣ ያደረገ ልጅ ለማያውቃት ልጅ ዊጓን እያስተካከለ ነው። ሰው የመጣው ይህን ፈልጎ ነው። የጓደኛውን ክብ፣ መስታወቱን፣ ያንን ወለል። ትናንት ወንበር ጎደለ ብለን የደበረን እዚያው ወለል ላይ ነው።

*ዝናብ።* 7 ሰዓት ላይ ወረደ። ግቢው ውስጥ ፎቶ ሲነሱ የነበሩት ሮጠው ገቡ። ካርቶን የለበሱት ግን ረጠቡ። አንዲት አሥራ አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ የትከሻ ጥሩሯ ከካርቶን ነው። ብር ቀለም ቀብታዋለች። ውኃ ሲገባው እንደ እርጥብ እንጀራ ተጣጠፈ። ሁለት ወር ሠርታዋለች። አላለቀሰችም፤ ይዛው ዝም ብላ ቆመች።

እናቷ ከጠዋት ጀምሮ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጃቸውን ብቻዋን አልለቅም ብለው፣ ትኬት ከፍለው የገቡ ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ጥገናው ጠረጴዛ መጡ። ጥሩሩን በሁለት እጃቸው ተቀብለው አገላበጡት። «ስፖንጅ አላችሁ?» አሉ። የስፒከር ማሸጊያ ስፖንጅ ነበረን። የረጠበውን ካርቶን ላዩ ላይ ዘርግተው ቅርጹን ቆረጡ። ወፍራም ክር በሰም አሽተው፣ በትልቅ መርፌ ጠርዙን ዙሪያውን ለቀሙት። ስፌቱ ከላይ እንዳይታይ ወደ ውስጥ አዞሩት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀባቸውም። ከዚያ አዲሱን ብር ቀለም ልጅቱ ራሷ ቀባችው። እጃቸው ሥራ የለመደ የልብስ ሰፊ እጅ ነው። ለካ ቤታቸው የእግር ማሽን አላቸው፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይሰፋሉ። እስኪዘጋ ድረስ ከጠረጴዛው አልተነሱም። ፊታቸው ሰልፍ ነበር። እዚያም ሰሌዳ ማዞር ነበረብን።

*ያስቆጣኝ ነገር።* አንድ ትልቅ ሰው፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ይሆነዋል፣ ልጃገረዶችን ሳይጠይቅ ከኋላ ፎቶ ሲያነሳ ተያዘ። አንዷ ልጅ ለበጎ ፈቃደኛ ነገረች። በየግድግዳው «ፎቶ ከማንሳትህ በፊት ጠይቅ» ብለን ለጥፈናል፤ መግቢያ ላይም ተነግሮታል። ሁለት ሆነን ሄድን፤ ለዚህ ዓይነቱ ነገር አንድ ሰው ብቻውን አይሂድ ብለን ቀድመን ተስማምተናል። ፎቶዎቹን እንዲያጠፋ አደረግን። ብሩን መልሰን ከጋሼ ጋር እስከ ውጭ በር ሸኘነው። «ለብሰው የመጡት ሊታዩ አይደል?» አለ። ለብሶ መምጣት ፈቃድ መስጠት አይደለም። ይህ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም። ልጅቷ ጋ ተመልሰን ምን እንዳደረግን ነገርናት። ይህንን እንዳትረሱ፤ የተናገረች ልጅ መጨረሻውን ማወቅ አለባት።

*ሌሎች።* በር ላይ የነበረች በጎ ፈቃደኛ 8 ሰዓት ላይ ራሷን ሳተች። ከጠዋት ጀምሮ አልበላችም። የአሜሪካ ኮን ልጆች 5-2-1 የሚሉት ደንብ አላቸው። አምስት ሰዓት እንቅልፍ፣ ሁለት ጊዜ ምግብ፣ አንድ ጊዜ ገላ መታጠብ። አውቀው ነበር። ለታዳሚው ነገርኩ፣ ለራሳችን ልጆች ግን ተረኛ የሚተካቸው ሰው አልመደብኩም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ደህና ናት፤ ማታ ደውዬላታለሁ።

የኮስፕሌይ ውድድሩ አርባ ደቂቃ የተባለው አንድ ሰዓት ተኩል ወሰደ። ዳኞቹ ስፌቱን መድረክ ላይ ሊያዩ ሲሞክሩ ነው። ዳኝነቱ ከሰዓት በፊት፣ በጠረጴዛ፣ በቅርብ ታይቶ ማለቅ አለበት። መድረክ ላይ መታየት ብቻ ይቀራል።

ልጆቹ ሳይመሽ ቤታቸው እንዲገቡ 11 ሰዓት ላይ ዘጋን። ወንበር ቆጠርን፣ 118። ደገምን፣ 118። ሁለቱ ወንበሮች በሴቶች መልበሻ ክፍል ውስጥ ተገኙ፣ ልብስ ተሰቅሎባቸው። 1 ሰዓት ላይ ለእድሩ አስረከብን።

ግንቦት 3፣ እሑድ

ተኛሁ። ከሰዓት ለቅሶ ቤቱ ሦስት ሆነን ደረስን።

ግንቦት 10፣ እሑድ

ሒሳብ ዘጋን። ገቢው ከመዋጮው 52,500፣ አስቀድሞ ከተሸጠውና በር ላይ ከተሸጠው ትኬት 96,000፣ ከ14 ጠረጴዛ 11,200። ወጪው 131,000 ገደማ። የተረፈው ለሚቀጥለው ቀብድ ይሆናል። ቁጥሩን ሁሉ ግሩፑ ላይ ለጠፍነው። ሰው ብሩ የት እንደገባ ካየ በሚቀጥለው ያምናል።

መድረክና ድምፅ ከወጪው ሲሶ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። በሚቀጥለው ትንሽ መድረክ፣ ሁለት ስፒከር፣ አንድ ማይክ ይበቃል። አንዱ ጓደኛችን አልተስማማም። ያለ ትልቅ መድረክ ስፖንሰር አይመጣም ይላል። ምናልባት እውነት አለው። እኔ ግን ከዚያ ብር ላይ ሁለተኛ ድንኳን፣ ተጨማሪ መስታወትና ለበጎ ፈቃደኛ ምሳ እፈልጋለሁ። ገና አልጨረስንም።

ቅሬታዎቹን አነበብን። ውኃ 9 ሰዓት ላይ አለቀ። የወንዶች መልበሻ ጠባብ ነው። የጾም ምግብ የለም። ወቅቱ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ አያስፈልግም ብለን ነበር፤ ሥጋ የማይበላ ሰው ግን ሁሌም አለ። ሁሉም ልክ ነው፤ ጽፌዋለሁ።

ከሰዓት ስልክ ተደወለ። የልጅቷ እናት ናቸው። ቁጥሬን ከልጃቸው ወስደው ነው።

«ሌላ ጊዜ መቼ ነው?» አሉኝ።

ለጥቅምት እያሰብን እንደሆነ ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ያንን ማሽኔን ይዤ እመጣለሁ። በእጅ ስፌት አይሆንም፣ ሰዉ ይበዛል። እኔ ብቻዬን አልሸከመውም፤ መኪና ብቻ ፈልጉልኝ።»

የጥቅምቱን በጀት ከፍቼ የመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፍኩት፦ ፒካፕ፣ ለእግር ማሽን፣ ደርሶ መልስ።